በቤት የተሠራ የጊታር ፔዳል ድምፅ ሲያጣ ከየት መጀመር ይገባል?

በጊታርና በአምፕሊፋየር መካከል መሬት ላይ ተቀምጦ፣ ተጫዋቹ በእግሩ እየረገጠ የሚያበራውና የሚያጠፋው ትንሽ የብረት ሣጥን ፔዳል ይባላል። ሣጥኑን ፈትቶ ውስጡን ያየ ሰው ብዙ ጊዜ ይገረማል፤ የተከፈለበትን ዋጋ የሚያህል ነገር አያገኝበትምና። የኤሌክትሪክ ፍሰትን የሚገቱ ጥቂት ሬዚስተሮች፣ ኤሌክትሪክን ለአፍታ የሚይዙ ጥቂት ካፓሲተሮች፣ ደካማውን ሞገድ የሚያጎላ አንድ ወይም ሁለት ትራንዚስተር፣ ሁለት የጃክ መሰኪያና አንድ የ9 ቮልት ባትሪ፤ በቃ። ስለዚህም «ይህንንማ እኔም እሠራዋለሁ» የሚል ሰው ብዙ ነው፤ እውነቱንም ነው። ችግሩ የሚመጣው ሁሉም ነገር ተበይዶ፣ ገመዱ ተሰክቶ፣ ክሩ ሲመታ ከአምፕሊፋየሩ ምንም ሳይሰማ ሲቀር ነው። አብዛኛው ጀማሪ በዚህ ጊዜ ትራንዚስተሩ ተቃጥሏል ብሎ ይደመድምና አዲስ ገዝቶ ይተካል፤ አዲሱም ዝም ይላል። በእኔ ግምት ሙያው የሚጀምረው እዚህ ላይ ስለሆነ፣ ከዚህ በታች ሰፊውን ቦታ የሚይዘው የብልሽት ፍለጋው ነው።

ብልሽት ለዚህ ሙያ ባዕድ አይደለም። ፈዝ የሚባለው፣ የጊታሩን ድምፅ ሻካራ አድርጎ በቀፎ ውስጥ እንደሚያጉረመርም የንብ መንጋ የሚያሰማው ኢፌክት ራሱ ከተበላሸ ዕቃ የተገኘ ነው። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መባቻ በአሜሪካ ናሽቪል ከተማ የማርቲ ሮቢንስ ዘፈን ሲቀዳ፣ ግሬዲ ማርቲን የተጫወተው ቤዝ ጊታር ያለፈበት የመቅረጫ መሣሪያ አንዱ መስመር ተበላሽቶ ስለነበር ድምፁ ተሰባብሮ ተቀዳ፤ እንዳለም ተተወ። ሌሎች ሙዚቀኞች ያንኑ ድምፅ ፍለጋ ሲመጡ፣ የድምፅ መሐንዲሱ ግሌን ስኖዲ ብልሽቱን በትራንዚስተር የሚያስመስል ሰርኪዩት ነደፈ፤ የጊብሰን ኩባንያም በ1962 ማስትሮ ፈዝ-ቶን ብሎ ለገበያ አቀረበው። ከሦስት ዓመት በኋላ ሮሊንግ ስቶንስ የተባለው የእንግሊዝ ባንድ ጊታር ተጫዋች ኪት ሪቻርድስ ሲጠቀምበት ዓለም ሁሉ ሰማው። ወደ እኛም ብንመጣ፣ በእኛ አቆጣጠር በ1960ዎቹ የተቀዱ የአዲስ አበባ ባንዶችን ሥራዎች የሚያዳምጥ ሰው ዋህ-ዋህ ፔዳል የሚፈጥረውን፣ አፍ ሲከፈትና ሲዘጋ የሚመስለውን የጊታር ድምፅ በቀላሉ ይለየዋል።

ከጊታሩ የሚወጣው ምን እንደሆነ ሳይታወቅ ፔዳሉን መረዳት አይቻልም። ከክሮቹ ሥር ያለው ፒክአፕ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ብዙ ሺህ ጊዜ የተጠመጠመበት ማግኔት ነው። የብረቱ ክር ሲርገበገብ የማግኔቱን መስክ ያውካል፤ በሽቦውም ውስጥ የክሩን እንቅስቃሴ ተከትሎ ከፍና ዝቅ የሚል ደካማ የኤሌክትሪክ ሞገድ ይፈጠራል። በተለመደው አቃኘት ወፍራሙ ክር በሰከንድ 82 ጊዜ ያህል ስለሚርገበገብ ሞገዱም እንዲሁ ይመላለሳል። የሞገዱ መጠን እንደ ፒክአፑና እንደ አመታቱ ቢለያይም ብዙውን ጊዜ በአንድ ቮልት አንድ አሥረኛ አካባቢ ነው። ቡስተር የዚህን ሞገድ ቁመት ያሳድጋል፤ ፈዝና ዲስቶርሽን ጫፉን ይቆርጡታል፤ ዲሌይ ደግሞ ቅጂውን አዘግይቶ ይመልሰዋል።

ስምንት ዕቃ ብቻ ያለው ሰርኪዩት

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሠራ ሰው ፈዝም ሆነ ዲሌይ ባይሞክር እመርጣለሁ። ሰርኪዩቱ በሙሉ በጭንቅላት ሊያዝ የሚችል ካልሆነ፣ ሲበላሽ የሚፈለግበት መንገድ ይጠፋል። ለዚህ የሚመቸው የኒውዮርኩ ኤሌክትሮ-ሃርሞኒክስ ኩባንያ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ያወጣው ኤልፒቢ-1 የሚባለው ቡስተር ነው። በስፋት የሚታወቀው ንድፉ አንድ ትራንዚስተር፣ አራት ሬዚስተሮች፣ ሁለት ካፓሲተሮችና አንድ የድምፅ መጠን ማዞሪያ ብቻ አለው። ትራንዚስተሩ ቤዝ፣ ኮሌክተርና ኤሚተር የሚባሉ ሦስት እግሮች አሉት። ሲግናሉ፣ ማለትም ከጊታሩ የሚመጣው ሞገድ፣ በ0.1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር በኩል ወደ ቤዙ ይገባል። ከቤዙ ወደ 9 ቮልቱ የ430 ኪሎ ኦም፣ ከቤዙ ወደ ግራውንድ፣ ማለትም ቮልቱ ሁሉ ከእሱ ተነሥቶ ወደሚለካበት የጋራ መስመር፣ የ43 ኪሎ ኦም ሬዚስተሮች ተያይዘዋል (ኦም የሬዚስተር መለኪያ ነው)። ከኮሌክተሩ ወደ 9 ቮልቱ 10 ኪሎ ኦም፣ ከኤሚተሩ ወደ ግራውንድ 390 ኦም አለ። ያደገው ሲግናል ከኮሌክተሩ በሌላ የ0.1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ወጥቶ በ100 ኪሎ ኦሙ ማዞሪያ በኩል ወደ ውጭ ያልፋል።

ትራንዚስተር ምን እንደሚሠራ ለማስረዳት በመስኖ ቦይ አፍ ላይ የቆመ ገበሬ ይበቃል። ገበሬው በእጁ ጥቂት ጭቃ ሲያነሣና ሲመልስ የሚንቀሳቀሰው ውኃ ከእጁ ጉልበት እጅግ የበለጠ ነው፤ ውኃው ከወንዙ እንጂ ከእጁ አልመጣም። በትራንዚስተሩም ቤዝ ላይ የሚደርሰው ደካማ ሞገድ ከባትሪው የሚመጣውን ትልቁን ፍሰት ይከፍታል፤ ይዘጋል። ባትሪው ወንዙ ነው። ያለ ባትሪ ምንም የማይሰማውም ለዚህ ነው።

ይሁን እንጂ ሞገዱ ወደ ላይም ወደ ታችም ስለሚሄድ፣ ምንም ባልተመታበት ጊዜ ፍሰቱ በግማሽ ተከፍቶ መጠበቅ አለበት። 430ው እና 43ው ሬዚስተሮች ሥራቸው ይኸው ነው። ዘጠኙን ቮልት ተካፍለው ቤዙን ወደ 0.8 ቮልት ያደርሱታል፤ ይህም 9 በ43 ተባዝቶ ለድምራቸው ለ473 ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ነው። የሲሊከን ትራንዚስተር ኤሚተር ከቤዙ በ0.6 ቮልት ያህል ዝቅ ብሎ ስለሚቀመጥ ኤሚተሩ 0.2 ቮልት አካባቢ ይሆናል። ይህ ቮልት በ390 ኦም ውስጥ የአንድ ሚሊአምፔር ግማሽ ያህል ያሳልፋል፤ ያው ፍሰት በ10 ኪሎ ኦሙ ውስጥ ሲያልፍ 5 ቮልት ያህል ስለሚወስድ ኮሌክተሩ ላይ 4 ቮልት ገደማ ይቀራል። በተግባር እንደ ትራንዚስተሩ ከ3.5 እስከ 5 ሊደርስ ይችላል። ኮሌክተሩ በ9 ቮልቱ ጣሪያና በዜሮው ወለል መካከል ቆሟልና፣ ሞገዱ በሁለቱም በኩል መወዛወዣ ቦታ አለው። ዕድገቱም በግምት 10,000 ለ390 ሲካፈል የሚገኘው 25 እጥፍ ነው። በወረቀት ላይ እነዚህን ሦስት ቁጥሮች፣ ማለትም 0.8፣ 0.2 እና 4 ከነቦታቸው መጻፍ ይገባል፤ በኋላ ፔዳሉ ዝም ሲል የሚመሰክሩት እነሱ ናቸው።

ካፓሲተሮቹ የማይለዋወጠውን የባትሪ ቮልት አግደው የሚመላለሰውን ሞገድ ያሳልፋሉ። ነገር ግን ሁሉንም እኩል አያሳልፉም፤ ካፓሲተሩ ባነሰ ቁጥር ወፍራሙ ድምፅ ይበልጥ ይቆረጣል። በዚህ ሰርኪዩት መግቢያው ላይ 0.1 ማይክሮፋራድ ሲኖር መቁረጥ የሚጀምረው 50 ኸርዝ አካባቢ፣ ማለትም ከወፍራሙ ክር በታች ስለሆነ ጊታሩ የሚያጣው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። በስሕተት 0.01 ከተገባ ግን መቁረጡ ወደ 500 ኸርዝ ይወጣና ድምፁ በስልክ የሚሰማ ያህል ይቀጥናል። ሁለቱን የሚለያቸው በላያቸው የታተመው ቁጥር ብቻ ነው፦ 104 የመጀመሪያው፣ 103 ሁለተኛው። በመጀመሪያ ሥራዬ አንድ ሙሉ ቅዳሜ የበላችብኝ ያቺ አንድ አኃዝ ነበረች።

በነገራችን ላይ፣ ይህ ቡስተር ለኤሌክትሪክ ጊታር እንጂ ፒየዞ (የእንጨቱን መርገብገብ ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ ትንሽ ንጣፍ) ለተለጠፈበት ክራር አይስማማም። የመግቢያው ተቃውሞ 30 ኪሎ ኦም አካባቢ ብቻ ሲሆን፣ ፒየዞ ደግሞ ወደ 1 ሜጋ ኦም የሚጠጋ ወይም ከዚያ የሚበልጥ መግቢያ ካላገኘ ወፍራሙን ድምፁን ያጣል። ክራሩን ለማጉላት የሚፈልግ ሰው እንደ ቲኤል072 ባለ ኦፕ-አምፕ (ብዙ ትራንዚስተሮችን በአንድ ቺፕ የያዘ ማጉያ) ሌላ መግቢያ ቢሠራ ይሻለዋል።

ቡስተሩ ከሠራ በኋላ ፍሰትን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉ ሁለት ዳዮዶችን አንዱን ወደ ፊት ሌላውን ወደ ኋላ አዙሮ ከመውጫው ካፓሲተር በኋላ ወደ ግራውንድ ማያያዝ ወደ ዲስቶርሽን ይለውጠዋል። የሲሊከን ዳዮድ 0.6 ቮልት ገደማ፣ የጀርመኒየም ደግሞ 0.3 ቮልት ገደማ ሲደርስ ስለሚከፈት ከዚያ በላይ ያለው የሞገዱ ጫፍ ይቆረጣል። ጫፉ በተቆረጠ መጠን ድምፁ ይሻክራል፤ ኃይሉም ይቀንሳል።

ከብየዳው በፊትና በኋላ

ሰርኪዩቱን በቀጥታ መበየድ የችኮላ ሥራ ነው። ብሬድቦርድ በሚባለው፣ ዕቃዎቹ ያለ ብየዳ በሚሰኩበት ሰሌዳ ላይ መጀመሪያ ሠርቶ ድምፁን መስማት ያስፈልጋል፤ እዚያ ላይ ከሠራና ከተበየደ በኋላ ካልሠራ ስሕተቱ ንድፉ ላይ አለመሆኑ በዚያው ይታወቃልና። ሬዚስተሮችን በቀለማቸው ብቻ ማመን አይገባም። ቡናማ፣ ጥቁር፣ ብርቱካናማ 10 ኪሎ ኦም ነው፤ ሦስተኛው ቀይ ከሆነ ግን 1 ኪሎ ኦም ነው፤ በአምፖል ብርሃን ቀዩና ብርቱካናማው ይመሳሰላሉ። ከመበየዱ በፊት እያንዳንዱን ቮልትና ኦም በሚለካው መሣሪያ፣ በመልቲሜትር፣ መለካት ከአንድ ደቂቃ አያልፍም።

ከአሮጌ ሬዲዮ የተነቀሉ ዕቃዎች ለዚህ ሥራ ብዙ ጊዜ ይሆናሉ፤ የታዘዘው ትራንዚስተር ሲታጣም ሌላ መተካት ይቻላል። ወጥመዱ የእግሮቹ ቅደም ተከተል ነው። 2ኤን5088 ጠፍጣፋ ፊቱ ወደ እኛ ዞሮ እግሮቹ ወደ ታች ሲሆኑ ከግራ ወደ ቀኝ ኤሚተር፣ ቤዝ፣ ኮሌክተር ነው፤ ቢሲ547 ግን ኮሌክተር፣ ቤዝ፣ ኤሚተር ነው። ስለዚህ አንዱን በሌላው የሚተካ ሰው ፊቱን ማዞር አለበት። ተገልብጦ የተበየደ ትራንዚስተር ሁልጊዜ ጨርሶ ዝም አይልም፤ ደካማና የተበላሸ ድምፅ ሊሰጥ ይችላልና ፈላጊውን ያሳስታል።

የብየዳው ምሥጢር የጋለው የመበየጃ ብረት ሊዱን፣ ማለትም የሚቀልጠውን የመበየጃ ሽቦ፣ ሳይሆን እግሩንና መዳቡን እንዲያግል ማድረግ ነው፤ ሁለቱ ሲግሉ ሊዱ ራሱ ቀልጦ ይዘረጋል። ጥሩ ብየዳ እግሩን ከቦ ወደ ላይ የሚሾል ትንሽ ተራራ ይመስላል፤ እንደ ኳስ የተድበለበለ ወይም የደበዘዘ ከሆነ ቀዝቃዛ ብየዳ ነውና እንደገና መጋል አለበት። ለቧንቧ ሥራ የሚሸጠው አሲድ ያለበት ፍላክስ (ሊዱ እንዲይዝ የሚረዳ ቅባት) መዳቡን ስለሚበላ ወደዚህ ሥራ መቅረብ የለበትም። ለብየዳው ጭስ መስኮት መክፈት፣ ሊዱም ብዙ ጊዜ እርሳስ ስላለበት ከሥራ በኋላ እጅ መታጠብ የግድ ነው።

የባትሪው አያያዝም ጀማሪን ግራ ያጋባል። በአብዛኛው ፔዳል የባትሪው ኔጌቲቭ ገመድ በመግቢያው ስቴሪዮ መሰኪያ መካከለኛ ምላስ ላይ ይታሰራል፤ የጊታሩ ሞኖ ጃክ ሲገባ ያንን ምላስ ከግራውንዱ ጋር ስለሚያገናኘው ፔዳሉ ይበራል። ጃኩ ተሰክቶ ከታደረ ባትሪው ያልቃል። በአንጻሩ ጃኩ ሳይሰካ የሚለካ ሰው «ኃይል የለም» ብሎ በከንቱ ይደክማል።

ፍለጋው

ዝም ያለ ፔዳል ሲያጋጥም የመጀመሪያው ጥያቄ ማብሪያው ጠፍቶ፣ ማለትም ሲግናሉ በሰርኪዩቱ ሳያልፍ፣ ጊታሩ ይሰማል ወይ የሚለው ነው። ካልተሰማ ሰርኪዩቱን መንካት አያስፈልግም፤ ብልሽቱ በገመዱ፣ በመሰኪያዎቹ ወይም ዘጠኝ እግር ባለው የእግር ማብሪያ ላይ ነው። ይህ ማብሪያ ብዙ ሙቀት ካገኘ ውስጡ ያለው ፕላስቲክ ይቀልጥና ንክኪው ይጠፋል፤ ስለዚህ እግሮቹን እያሳረፉ አንድ በአንድ መበየድ ይሻላል።

ማብሪያው ጠፍቶ ከተሰማና በርቶ ካልተሰማ የመልቲሜትሩ ተራ ነው። ጥቁሩን ጫፍ ግራውንድ ላይ አድርጎ በቀዩ መጀመሪያ ቦርዱ ላይ 9 ቮልት መድረሱን፣ ቀጥሎ የትራንዚስተሩን ሦስት እግሮች መለካት ነው። አሁን በወረቀት የተጻፉት ቁጥሮች ይናገራሉ። ኮሌክተሩ 9፣ ቤዙ 0 ከሆነ ወደ ቤዙ የሚመጣው 430ው ሬዚስተር አልተገናኘም፣ ወይም ቤዙ በሊድ ጠብታ ከግራውንድ ጋር ሾርት ሆኗል። ቤዙ 0.8 ሆኖ ኮሌክተሩ ወደ 9 ከተጠጋ ኤሚተሩ በ390ው በኩል ግራውንድ አላገኘም፣ ወይም ትራንዚስተሩ ተገልብጧል። ኮሌክተሩና ኤሚተሩ ሁለቱም 0.3 ወይም 0.4 ላይ ተቀራርበው ከተገኙ 43ው አልተያያዘም፤ በዚህ ጊዜ ትራንዚስተሩ ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ ስለሚቀር መወዛወዣ ቦታ የለም። ኮሌክተሩ ጨርሶ 0 ከሆነ ደግሞ የሚጠረጠረው 10 ኪሎ ኦሙ ነው። ከእነዚህ ሁሉ ውስጥ የተቃጠለ ትራንዚስተር ገና አልተጠቀሰም፤ በእርግጥም የሚያጋጥመው ከሁሉም ጥቂት ጊዜ ነው።

ቮልቶቹ ሁሉ ትክክል ሆነው ድምፅ ከሌለ ሲግናሉን በጆሮ መከተል ይቀራል። ለዚህ የሚያስፈልገውን መሣሪያ በእጅ መሥራት ይቻላል፦ የአሮጌ ጊታር ገመድ አንዱን ጫፍ ቆርጦ፣ በመካከለኛው ሽቦ ላይ የ0.1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር በይዶ፣ የውጭውን መረብ ከፔዳሉ ግራውንድ ጋር በመያዣ ማያያዝ ነው። ሌላው ጫፍ ወደ አምፕሊፋየሩ ይገባል፤ ድምፁ ሲነካ ስለሚፈነዳ የአምፕሊፋየሩ መጠን ዝቅ ይበል። አንድ ሰው ጊታሩን እየመታ ሌላው የካፓሲተሩን ነጻ እግር በየቦታው ያስነካል። ለምሳሌ መግቢያው መሰኪያ ላይ ድምፅ አለ እንበል፤ ቤዙ ላይ አለ፤ ኮሌክተሩ ላይ ጎልቶ አለ፤ ከመውጫው ካፓሲተር ማዶ የለም። እንግዲያው ብልሽቱ ያቺ ካፓሲተር ወይም ብየዳዋ ናት፤ ሌላ የሚነካ ነገር የለም።

ሣጥኑ ውስጥ ሳይገባ ሠርቶ ሲዘጋ ዝም የሚል ፔዳል የራሱ ምክንያት አለው፦ አንድ የሽቦ ጫፍ ወይም የማዞሪያው ጀርባ ብረቱን እየነካ ነው። ክዳኑ ላይ የወፍራም ወረቀት ወይም የፕላስቲክ ንጣፍ ማድረግ ይበቃል። የብረት ሣጥኑ ራሱ ከግራውንድ ጋር መገናኘት አለበት፤ ካልተገናኘ ከመብራት መስመሩ የሚመጣው ጉርምርምታ ይገባል። ፔዳሉ የሬዲዮ ጣቢያ ሲያሰማም አስማት አይደለም፤ የትራንዚስተሩ ቤዝ የሬዲዮውን ሞገድ እየለወጠው ነውና ከቤዙ ወደ ግራውንድ የምትገባ 100 ፒኮፋራድ ያህል ካፓሲተር ብዙ ጊዜ ዝም ታሰኘዋለች። ማብሪያው ሲረገጥ የሚፈነዳውን «ጧ» የሚል ድምፅ ደግሞ በመግቢያውና በመውጫው ላይ ወደ ግራውንድ የሚያያዙ የ1 ሜጋ ኦም ሬዚስተሮች ይቀንሱታል።

ይህ ሁሉ በ9 ቮልት ስለሚሠራ በጣት ቢነካም አይጎዳም። በዚህ ተደፋፍሮ ግን አምፕሊፋየርን መክፈት አይገባም። በተለይ ቲዩብ ያለበት አምፕሊፋየር ከሶኬት ተነቅሎም እንኳ በካፓሲተሮቹ ውስጥ ከ300 ቮልት በላይ ይዞ ሊቆይ ይችላል፤ እሱ የባለሙያ ሥራ ነው።

ከቡስተሩ ቀጥሎ ብዙዎች የሚሠሩት በ1966 ለንደን ላይ የወጣውን ፈዝ ፌስ ነው። ሁለት የጀርመኒየም ትራንዚስተሮች አሉት፤ የመጀመሪያዎቹ ፒኤንፒ የሚባለው ዓይነት ስለነበሩ ግራውንዱ የባትሪው ፖዘቲቭ ነው። በዚህ ምክንያት ከሌሎች ፔዳሎች ጋር በአንድ አዳፕተር ቢያያዝ በገመዶቹ ግራውንድ በኩል አዳፕተሩ ሾርት ይሆናል፤ ለብቻው በባትሪ ማሠራት ይመረጣል። ሲለካም ቁጥሮቹ ኔጌቲቭ ሆነው ይወጣሉ፤ በሁለተኛው ትራንዚስተር ኮሌክተር ላይ የሚፈለገው 4.5 ቮልት አካባቢ ነው። ጀርመኒየም ግን ሙቀትን ስለሚያውቅ፣ በጠዋት ቅዝቃዜ 4.5 የነበረው ቀትር ላይ ቦታውን ሊለቅ፣ ድምፁም አብሮት ሊለወጥ ይችላል። ብዙ ሠሪዎች በኮሌክተሩ ላይ ያለውን ቋሚ ሬዚስተር በትንሽ ተስተካካይ የሚተኩት፣ መልቲሜትሩንም ከመልመጃ ክፍላቸው የማያርቁት ስለዚህ ነው።